ስም መጨረሻ ላይ የሚጠራው ሰው

የደብረ ታቦር ነሐሴ ድሮ ሌላ ነበር። ጭጋጉ ከጉና ወርዶ ደጃፋችን ድረስ ይመጣና፣ ግባ ያላሉት እንግዳ ይመስል እዚያው ቆሞ ይውላል። ፀሐይ የምትባል ነገር ከተረሳች ሰንብታለች። ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ፣ ጣራው ጠብ ጠብ ሲል ከሥሩ ጣሳና ድስት መደርደር ነው። እንዲያም ሆኖ ያ ወቅት ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። ቡሄ ነዋ! ልጆች በየሜዳው ጅራፍ ያጮሃሉ፤ በጭጋጉ አንዱ ሌላውን አያየውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ጧ! ይላል ከወዲህ፤ ጧ! ብሎ ይመልሳል ከወዲያ። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ የማን ልጅ ጅራፍ እንደሆነ በድምፁ እለየው ነበር።

ታዲያ አንዳንድ ጧት ያ ሁሉ ጅራፍ አንድ ላይ ጸጥ ይላል። ጡሩምባ ተነፋ ማለት ነው። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ጅራፋቸውን ይጠቀልላሉ። እኛ ሴቶች ሊጥ የነካ እጃችንን በቀሚሳችን እየጠረግን ደጅ እንወጣለን። ሰውየው አይታይም። ድምፁ ነው ጭጋጉን ቀዶ የሚመጣ።

የዚያን ድምፅ ባለቤት ነገር ነው ልጽፍ የተነሣሁት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያም ማታ ማታ ተምሬ አምስተኛ ክፍል ስደርስ ልጅ መጣና ቀረ። እንግዲህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ያነበበ ያቃናው።

ትእዛዝ ይባላል። ጥቂት ክረምት ስለሚበልጠኝ አያ ትእዛዝ እለዋለሁ። የተወለደው ጉና ሥር ነው፤ ገብስና ድንች፣ በግና ውርጭ ካለበት። በዚያ አገር ሰው ጎረቤቱን ሊጠራ ሲፈልግ አይሄድም፤ ከአፋፍ ቆሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ማዶ ላለው ይጣራል፣ ማዶ ያለውም ይመልሳል። ወደ ከተማ መጥቶ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር፣ ያን ድምፁን ይዞት መጣ። የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ሲቸግረው ሽማግሎቹ አንድ ጊዜ ሲጣራ ሰሙት፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሆነ።

ሌላው ጡሩምባ ነፊ «እገሌ ስላረፈ» ብሎ ነው የሚጀምር። አያ ትእዛዝ እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ ረዘም አድርጎ ይነፋል። ዝም ይላል። ከዚያ ሰፈሩን ይጠራል፤ «ከወንዙ ማዶ...» ይላል። ማዶ ዘመድ የሌለው ይተነፍሳል። እንደገና ይነፋል። «ከእናቶች ወገን...» ይላል። አባት የታመመበት ይተነፍሳል፣ እናት የታመመችበት በሩን ይይዛል። ሦስተኛ ነፍቶ ነው ስሙን የሚጠራው፤ መጨረሻ ላይ፣ ቀስ ብሎ።

አንድ ቀን፣ «ምነው እንዲህ ታስረዝመዋለህ? ነፍሳችን እኮ ልትወጣ ነው» አልኩት።

«ወርቅነሽ፣» አለኝ፣ «ሸክም ሊያወርዱብሽ ሲሉ ‹ያዢ› ይሉሻል እንጂ ዝም ብለው ይጥሉብሻል? ስም ከባድ ነው። ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቅ ብዬ ነው።»

ሌላም ሕግ ነበረው። የሟች ቤተሰብ መርዶውን በአፍ ሳይሰማ ጡሩምባውን አያነሣም። ወንድሜ አሰብ ወደብ ሲሠራ የሞተ ጊዜ፣ ጎሕ ሲቀድ አባ ሀብተማርያምን፣ የነፍስ አባቴን፣ ይዞ መጣ። ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶቼ ነበሩ። እኔ አላየሁም እንጂ ሴቶቹ ውኃ ይዘው በር ሥር ቆመው ኖሯል። አያ ትእዛዝ ቁጭ አለ። ስለ ብርዱ ተናገረ። ስለ ገብሱ ተናገረ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ «ወርቅነሽ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ» አለኝ። ይኸው ነው። ነጠላ አዘቅዝቆ የሚለበሰው ለኀዘን ነው፤ ገባኝ። ግን ሲገባኝ ሰዎቹ ሁሉ ይዘውኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ጧት ሳስበው፣ ከሞቱ ይልቅ የሚታወሰኝ እጃቸው ነው።

እንግዲህ ስልኩ መጣ። መጀመሪያ የቴሌው ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሊያናግረን የፈለገ ቀን ያስይዛል፣ የጥሪ ወረቀት ይላክልናል፣ እኛም ታጥበን፣ ተቀብተን፣ የክት ለብሰን ሄደን እንሰለፋለን። ለምን የክት እንደምንለብስ አላውቅም፤ ማን ሊያየን! «ሃሎ! ሃሎ!» እያልን ግማሹን በጩኸት ግማሹን በለቅሶ እንጨርሰዋለን። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የሰማነውን እንደጋግማለን፣ እንዳይጠፋብን። ቀጥሎ በቁልፍ የሚጫነው ሞባይል መጣ። አሁን ደግሞ ይኸ በጣት የሚዳበሰው። ከጉና ድንች የሚያወርደው ሰው በቅሎውን ሳይጭን ባሕር ዳር ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቃል። የዜማ ተማሪዎቹ መምህራቸውን በስልክ ቀድተው መንገድ ላይ እያዳመጡ ይሄዳሉ። እኔም የልጅ ልጄን የጥርስ ማብቀል በስልክ አይቻለሁ፣ አልዋሽም፣ እልል ብያለሁ።

አብራኝ ያረጀች ጎረቤት አለችኝ፤ ደሳለች። እሷም የጉና ልጅ ናት። ከአንድ ልጅ በቀር አልተረፈላትም፣ ሙሉቀን ይባላል፣ አዳማ ነው የሚሠራ። ሙሉቀን ድሮ፣ ስልክ እንዲህ ሳይሆን፣ ለጥምቀት ወይ ለፋሲካ አይቀርም ነበር። ናፍቆቱ ዓመቱን ሙሉ ይጠራቀምና ግድቡን ጥሶ ይዞት ይመጣል። ምስል የሚያሳየው ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ እናቱን ያያታል። ናፍቆቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተጠጣ ሞልቶ መፍሰሱ ቀረ። እሱም መምጣቱን ተወ።

«ፊቱን ይልክልኛል፣» ትለኝ ነበር ደሳለች፣ «ጠረኑን ግን አይልክም።»

እድሩም ተለወጠ። ጸሐፊያችን ኤርምያስ ከአርባ ምንጭ የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሣና፣

«አያ ትእዛዝ፣ በዚህ ጭቃ በዚህ ብርድ እየደከሙ ነው። አሁን ሁሉም ቤት ስልክ አለ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተን አንድ ጊዜ ብንጽፍ ለሁሉም ይደርሳል» አለ።

«አንድ ጊዜ?» አለ አያ ትእዛዝ።

«አንድ ጊዜ።»

«ያልሰማውስ?»

«ያነበዋል።»

«ልጄ፣ እኔ ስላልሰማው እጠይቅሃለሁ፣ አንተ ስላነበበው ትመልስልኛለህ።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ግን ተወሰነ። ስለ አገልግሎቱ ብለው ነጭ ጋቢ አለበሱት። ጋቢውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ፣ «ጋቢ የሚያለብሱት ወይ ሙሽራን ነው ወይ የተሰናበተን፤ ሙሽራ ነኝ እንዳልል ጥርስ የለኝም» አለ። ወደ ቤቱ ሄዶ ጡሩምባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን ሞት ድምፅ የሌለው ሆነ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ድርር ይላል፤ ሳወጣው ስሙ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከነፎቶው፣ ከነሻማው። እጄን ሳልዘረጋ።

አሁን ወደምነግራችሁ ነገር ልምጣ።

የካቻምና ነሐሴ፣ ፍልሰታ ጾም ላይ፣ ደሳለች ልቧን ታመመች። ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ሲያስወጣት እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ «እማማ፣ መድኃኒቷን ትዋጥ፣ ከሁሉም በላይ ግን ድንጋጤ እንዳይደርስባት። አይችለውም ልቧ» አለኝ። እሺ ብዬ በባጃጅ አምጥቼ አስተኛኋት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሐሙሲት የምትኖረው የደሳለች ወንድም ልጅ ኤደን፣ የእድሩ ግሩፕ ላይ «አክስቴ እንዴት ሆኑ?» ብላ ጻፈች። ጎረቤታችን ሙሉ፣ ደግ ሴት ናት፣ እጇ ግን ከአፏ ይፈጥናል፤ ወዲያው መለሰችላት። የጻፈችውን በኋላ አይቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፤ «እማማ ደሳለች ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገቡ። አሁን ዐርፈዋል።»

ያን ጽፋ ባትሪዋ አለቀ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኳን ሣጥን ላይ አስቀምጣ ወደ ኪዳን ሄደች።

እስቲ አንብቡት። ሙሉ ልትል የፈለገችው፣ ጋደም ብለዋል፣ ድካማቸውን እየተወጡ ነው ነው። በአፍ ብትናገረው ማንም አይሳሳትም፤ ፈገግ ብላ ነበር የምትናገረው። እንግዲህ ለትልቅ ሰው፣ በአክብሮት፣ «ዐርፈዋል» ተብሎ ሲጻፍ የሚያነበው ምን ይበል? መጀመሪያ አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ ሻማ። ከዚያ ሌላ ሻማ። ኤደን ሐሙሲት ላይ እሪ አለች። ጉና ሥር ላለው አባቷ ለአያሌው ደወለችለት፤ እሱ አመሻሽ ላይ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ስለሚወጣ አገኘችው። ሙሉቀንም ጋ ደወለች።

እኔ ይኼን ሁሉ አላወቅሁም። ስልኬን ቤቴ ትቼ ደሳለች ዘንድ ነበር ያደርኩ።

በነጋታው ጧት ደሳለች ግድግዳ ተደግፋ አጥሚት እየጠጣች፣ «ጨው አነሰው፤ ስታረጂ እጅሽ ሰሰተ» እያለች ስትነዘንዘኝ፣ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ደረጄ ነው፤ ከሁለት ጎረምሶች ጋር፣ ቋሚውንና ሸራውን ተሸክመው። ፊታቸው ጠቁሯል። ደረጄ ከትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ ሲያይ ደሳለችን አያት። ቋሚው ከእጁ ወደቀ።

«ማነው?» አለች ደሳለች።

«ደ... ደረጄ ነኝ እማማ።»

«ድንኳን ነው የያዝከው? ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ማንም! ይኸ... ለፀሐይ ነው።»

«ለፀሐይ? በነሐሴ?»

«ብትወጣ ብለን ነው፣ እማማ።»

በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ደጅ አወጣሁት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። በፎቶዋ ዙሪያ አበባ ተደርጎላታል። በዚህ መሐል ሙሉ ራሷን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ «ዐርፈዋል ስል እኮ ዐርፈዋል ማለቴ ነው! ዐርፈዋል!» ትላለች፣ ደጋግማ፤ ባለችው ቁጥር የባሰ ይሆናል። ኤርምያስም ደረሰ። ስሕተት ነው ብሎ ወዲያው ጻፈ፣ ሐሙሲት ለኤደን ደወለ። ኤደን አለቀሰች፣ ሳቀች።

«አባቴስ?» አለች። «ዶሮ ሳይጮህ ነው ዘመዶቹን ሰብስቦ የተነሣ። ስልኩ አይሠራም፣ መንገዱ ኔትወርክ የለውም። ሙሉቀንም ሌሊቱን ሲደውልና ሲያለቅስ ስልኩ ተዘግቶበታል።»

ያን ጊዜ ምን እንደታየኝ ልንገራችሁ። ሰው የራሱን ሞት አይጠረጥርም። ደሳለች በዚያ ጧት ደጇ ላይ የወንድሟን ለቅሶ ብትሰማ «እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው» አትልም፤ «ልጄ ሞተ» ነው የምትል። መርዶ የሚመጣውም እንዲያ ነው፣ በጧት፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ሐኪሙ አይችለውም ያለው ልብ ያን ሊሰማ ነው።

ወደ አያ ትእዛዝ ቤት ነው የሮጥኩ። ምድጃ ዳር እሳት ይሞቃል።

«አያ ትእዛዝ፣ ተነሥ፣ ጡሩምባህን ያዝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ንፋ ልትዪኝ ነው የመጣሽ?»

ጡሩምባውን ከግድግዳ አወረደ፤ እየሄድን ነገርኩት። ከተማው ጫፍ፣ መንገዱ ከጉና በኩል ሲመጣ ከፍ የሚልባት አፋፍ አለች፤ እዚያ ቆምን። ጭጋግ ነው፣ እጅ ዘርግተው እጅ አያዩም። ሲያዳምጡ ግን ከታች፣ ከሩቅ፣ የሴት ለቅሶ ይመጣል፤ «ወይ ደሳለች! ወይ እኅቴ!» እያለ፣ እየቀረበ።

አያ ትእዛዝ ጡሩምባውን አንሥቶ ረዘም አድርጎ ነፋ።

ኧረ ጉድ! ለቅሶው እጥፍ ሆነ። እሪታው አፋፉን ናጠው። ገባችሁ? ጡሩምባ ለምን ይነፋል? እነሱ መንገዱን ሙሉ ምናልባት ውሸት ይሆናል እያሉ መጥተው ነበር፤ ጡሩምባው አረጋገጠላቸው።

«አያ ትእዛዝ፣ አባስክባቸው እኮ!» አልኩ።

ጡሩምባውን አገላብጦ አየው። «እውነትሽን ነው። ይኸ ሌላ ነገር መናገር አልተማረም» አለና እኔን አስያዘኝ። ከዚያ ሁለት እጁን አፉ ላይ ገጥሞ እንደ አገሩ፣ እንደ ጉና ሰው ተጣራ። ያን ጥሪ እኔ በዕድሜዬ ከእሱ ሰምቼው አላውቅም።

«ኦሆ... ሆይ! አያሌው ሆይ!»

ጸጥ አለ። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ የአያሌው ድምፅ፤ «ማነህ?»

«ትእዛዝ ነኝ!»

«ወይኔ እኅቴን! ጡሩምባው ሰውዬ ነው! ወይኔ!»

«ዝም በል አንተ! እኅትህ አጥሚት እየጠጣች ነው!»

«ምን?»

«አጥሚት! ጨው አነሰው ብላ ወርቅነሽን እየተቆጣች ነው!»

አንዲት ሴት ከታች፣ «እሷ ናት! ጨው ካለችማ እሷ ናት!» ስትል ሰማሁ።

ከጭጋጉ አንድ በአንድ ወጡ። አያሌው ዱላውን እንደያዘ መጥቶ አያ ትእዛዝን ትከሻው ላይ ነካ አደረገው፣ መታው ማለትም ይቻላል። «አንተ ክፉ፣ በሕይወት ላለ ሰው ጡሩምባ ትነፋለህ?» አለና አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሴቶቹ ፊታቸውን ነጭተዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አያ ትእዛዝ ዞር ብሎ መሬት መሬቱን እያየ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ነጠላችሁን አቃኑ» አላቸው። ስንት ሴት ነጠላዋን እንድታዘቀዝቅ የነገረ ሰው፣ አቃኑ ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት። አቃኑ። በጎርፉ ውኃ ፊታቸውን ታጠቡ።

ወደ ሰፈር ስንቃረብ ኤርምያስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ አገኘን። «ሙሉቀን ደወለ! በጧቱ አውሮፕላን ባሕር ዳር ወርዶ በሚኒባስ ሐሙሲት ደርሷል። ሱቅ ውስጥ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግ የጻፍኩትን አየ። አሁን ወደዚህ እየመጣ ነው» አለ። ያችን ስልክ ያን ጊዜ ብስማት ደስ ባለኝ።

ገባን። እንዳሰብነው ግን አልሆነም። ዝም ብለን፣ ልንጠይቅሽ መጣን ልንላት ነበር። ደሳለች ወንድሟን አየችው። ከኋላው ያሉትን ሴቶች አየች። የተነጨ ፊታቸውን አየች። ከሁሉም ኋላ በር ሥር የቆመውን አያ ትእዛዝን አየች፤ እኔ ደንቆሮዋ ደግሞ ጡሩምባውን እንደያዝኩ ገብቻለሁ።

የአጥሚቱ ኩባያ ከእጇ ወደቀ።

«አያ ትእዛዝ፣» አለች፣ «ነጠላዬን ላዘቅዝቅ?»

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሁላችን ወደ አያ ትእዛዝ ዞርን። እኔ ደግሞ ያ ልማዱ ታወሰኝና ፈራሁ፤ ሰፈሩን ሊጠራ፣ ወገኑን ሊጠራ፣ ስሙን መጨረሻ ሊያደርገው ነው። እስከዚያ አትቆይም።

እሱ ግን ገና ደፉን ሳያልፍ፣ «ሙሉቀን!» አለ። ስሙን አስቀደመው። «ሙሉቀን ደኅና ነው! ሙሉቀን እየመጣ ነው! አንቺን ሊያይ፣ በሕይወቱ፣ በእግሩ! ሐሙሲት ደርሷል!»

ደሳለች ዓይኑን አየችው። ውሸት ይፈልጋል ዓይኗ። ቀስ በቀስ እጇ ከደረቷ ወረደ።

«ሙሉቀን?»

«ሙሉቀን።»

«ታዲያ እነዚህ ለምን ፊታቸውን ነጩ?»

«ላንቺ ነው፣» አለ አያ ትእዛዝ፣ ቁጭ እያለ፣ «ሞተሻል ተብሎ።»

ደሳለች ወደ አንደኛዋ ሴት ዞራ፣ «አንቺ ደግሞ እንዲህ ስስ ስስ አድርገሽ ነው እንዴ የነጨሽው? ለእኔ?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለቅሶውም አብሮ ነበር፣ አልደብቃችሁም።

ሙሉቀን እኩለ ቀን አልፎ ገባ። ጥቁር ልብስ ለብሶ። አውሮፕላን ላይ በዕድሜው መጀመሪያ የወጣው የእናቱን ቀብር ለመድረስ ነው። እግሯ ሥር ተደፋ። እሷም ራሱን ወደ ደረቷ አስጠግታ ጠረኑን ስባ ስባ፣

«በሕይወት ሆኜ ስጠራህ ኔትወርክ የለም ትለኛለህ፣ ስሞት ግን ወዲያው ተሰማህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። አንደኛው ጉዳይ ቃሉ ነበር። «ዐርፈዋል» አይጻፍ ተባለ። «እሺ፣ ‹ተኝተዋል› እንበል?» አለች ሙሉ። አባ ሀብተማርያም፣ «እሱማ በቤተ ክርስቲያን ከ‹ዐርፈዋል›ም ይብሳል» አሉ። «‹ተሰናብተዋል›?» አለ ደረጄ። ጮኸንበት። ብዙ ከተለፋ በኋላ «ደኅና ናቸው» የሚለው ጸደቀ። ሁለተኛው ጉዳይ፣ ሞት ሲሆን መጀመሪያ መርዶ በአፍ፣ ቀጥሎ ጡሩምባ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ግሩፕ እንዲሆን ነው። ይኼን ያቀረበው ራሱ ኤርምያስ ነው። አያ ትእዛዝን ተመለስ አሉት። «እመለሳለሁ፣ ጋቢውን ግን አልመልስም» አለ።

ሙሉቀን ከዚያ ወዲያ መምጣት አልተወም። ለጥምቀት መጣ፣ ለፋሲካ መጣ፣ ክረምቱንም መጣ። እሑድ እሑድም ይደውል ነበር። ደሳለች ግን ስልኩ ላይ ብዙ አታወራም፤ «ስትመጣ እነግርሃለሁ» እያለች ታስቀምጠዋለች።

ባለፈው ኅዳር ሞተች። ሙሉቀን አጠገቧ ነበር፣ እጇን ይዞ። ደረጄ ያን ሌሊት በባጃጅ እስከሚኬድበት ሄዶ፣ የቀረውን በእግሩ ወጥቶ ለአያሌው በአፉ ነገረው። ጧት ስልኬን አወጣሁት፤ ግሩፑ ባዶ ነው። ከሦስት መቶ ሰው አንድ እንኳ አልጻፈም። ሁሉም ይጠብቃል።

ከዚያ ጡሩምባው ተነፋ። በኅዳር ጭጋግ የለም፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ይታየኝ ነበር። «ከወንዙ ወዲህ...» አለ። ነፋ። «ከእናቶች ወገን...» አለ። ነፋ። እኔ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ አብሬያት ነበርኩ፤ እንዲያም ሆኖ የቤቴን በር ይዤ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። ስሟን ጠራ። ከስም በኋላ አይነፋም ነበር፣ ልማዱ አይደለም። ያን ቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ነፋ።

ከአርባዋ በኋላ ጡሩምባውን ለእድሩ ዕቃ ቤት አስረከበ። ጉልበቱም ደክሟል፤ እዚህ የሚጦረው አልነበረውም። አያሌው ለተዝካሩ ዕቃ በቅሎ ይዞ መጥቶ ነበር፣ በዚያች በቅሎ አብሮት ሄደ። ሲሰናበተኝ የአገሩን ብርድ ነው ያወራልኝ፣ የገብሱንም ነገር። ስልክ የለውም፣ ግዛ ቢሉትም አልፈለገም።

ቅዳሜ ለት ድንች ሊሸጥ የመጣ ሰው ስለ እሱ ነገረኝ። አያ ትእዛዝ ደኅና ነው፤ ከጋሳይ በላይ፣ ጉና ሥር፣ የእኅቱ ልጅ ቤት ነው ያለው።